ለተራራ ብስክሌት የሚሆን የዝናብ ጃኬት ሲገዛ ከዋጋው በፊት መታየት ያለባቸው ጉዳዮች

በክረምት ወራት ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በብስክሌት ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው የዝናብ ጃኬት ለብሶም ቢሆን ዳገቱን ጨርሶ አናቱ ላይ ሲደርስ ሸሚዙን ረጥቦ ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ ጃኬቱ ውኃ ያስገባ ስለሚመስለው በሻጩ ያዝናል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከዚህኛው የበለጠ ወፍራምና ውድ ጃኬት ለመግዛት ያስባል። ይሁን እንጂ ጃኬቱ ቢመረመር ከውጭ አንዲት ጠብታ እንኳ ያላስገባ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሸሚዙን ያረጠበው የነጂው የራሱ ላብ ነው።

ጉዳዩ የስፖርት ወዳዶች ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄዱት የ"መንገድ ለሰው" መርሐ ግብሮችና ከዚያም በኋላ በተሠሩ የብስክሌት መንገዶች ምክንያት ብስክሌትን እንደ መጓጓዣ የማየት ዝንባሌ ተፈጥሯል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የእንጦጦ ፓርክም ወደ ተራራው የሚወጡ ሰዎችን ቁጥር ጨምሯል። በገጠር ደግሞ በብስክሌት፣ በሞተር ብስክሌትና በእግር ከቀበሌ ቀበሌ እየተዘዋወሩ የሚያገለግሉ ሠራተኞች ዝናብ ላይ የሚውሉ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ የሚገዛው የዝናብ ልብስ "ውኃ የማያስገባ" በሚል አንድ ሐረግ ብቻ ሲመረጥ የወጣው ገንዘብ የታሰበለትን ሥራ ሳይሠራ ይቀራል።

የሰው አካል ፔዳል ሲመታ ከሚያወጣው ጉልበት ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ሲሆን ቀሪው ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዳገት ላይ 200 ዋት የሚደርስ ኃይል ወደ ፔዳል የሚያስተላልፍ ነጂ ከ600 ዋት የማያንስ ሙቀት በአካሉ ውስጥ ያመነጫል ማለት ነው። ይህ የአንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያህል ነው። ሰውነት ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወግደው በላብ አማካይነት በመሆኑ ጠንክሮ የሚነዳ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 1 ሊትር የሚጠጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል።

በሌላ በኩል በገበያ ላይ "ይተነፍሳል" በሚል የሚቀርቡ ጃኬቶች በመለያቸው ላይ 5,000፣ 10,000 ወይም 20,000 የሚል ቁጥር ይዘው ይታያሉ። ቁጥሩ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ግራም የውኃ እንፋሎት እንደሚያሳልፍ ለማመልከት የተጻፈ ነው። 10,000 የተጻፈበት ጃኬት ስፋቱ 1 ነጥብ 5 ካሬ ሜትር ያህል ነው ቢባል በሰዓት ሊያሳልፍ የሚችለው 625 ግራም ብቻ ይሆናል። ነጂው ከሚያወጣው ላብ ጋር ሲነጻጸር ገና ከመነሻው ጉድለት አለ። ይህም ቢሆን የተለካው በላቦራቶሪ፣ ለጨርቁ በተመቻቸ ሁኔታ ነው። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ የውጪው አየር ራሱ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚገፋው የእርጥበት ልዩነት ይቀንሳል፤ የጃኬቱ ላይኛ ጨርቅ ውኃ ከጠጣ ደግሞ መተላለፊያው ይበልጥ ይጠባል። ለቁጥሩ ማግኛ የሚያገለግሉት የመለኪያ ዘዴዎች ከአንድ በላይ በመሆናቸው የአንዱ አምራች 10,000 ከሌላው 10,000 ጋር እኩል ነው ለማለትም አይቻልም። ስለዚህ በጨርቁ የመተንፈስ ቁጥር ላይ ብቻ ተማምኖ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አዋጭ አይሆንም።

ላቡ በዳገት ላይ ምቾት ከመንሣት ያለፈ ጉዳት የለውም። አደጋው የሚመጣው በመመለሻው ቁልቁለት ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የአየር ሙቀት በየ100 ሜትሩ ወደ 0 ነጥብ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ ነጂው አናቱ ላይ የሚያገኘው አየር ከመሐል ከተማው በሦስትና በአራት ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው። ከዚያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተወረወረ ሲወርድ ፔዳል ስለማይመታ ሙቀት አያመነጭም፤ የረጠበው ሸሚዝ ደግሞ ሙቀቱን እየሳበ ይወስድበታል። ውኃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን 25 ጊዜ ያህል የማስተላለፍ ባሕርይ አለው። በባሌው የሳነቲ አምባ ወይም በሰሜን ተራሮች፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በሚያልፍበት ስፍራ፣ ይህ ሁኔታ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ወደሚወርድበት ደረጃ ሊያደርስ ይችላል። ጣቶች ሲደነዝዙ ፍሬን መያዝ እንደሚያስቸግርም መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ የጃኬቱ ተግባር ሁለት ነው ማለት ነው፤ በዳገት ላይ ላብን ማስወጣት፣ በቁልቁለት ላይ ነፋስንና ዝናብን መከልከል። ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ለማሟላት የተደረገው ሙከራ ረጅም ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ሮበርት ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎን በሚባል የንግድ ስም ከሚታወቀው ቁስ የተሠራን ዘንግ በድንገት በመለጠጥ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን ለማግኘት ቻለ። ከ1976 ጀምሮ ጎር-ቴክስ በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ይህ ሽፋን ቀዳዳዎቹ ለውኃ ጠብታ እጅግ የጠበቡ፣ ለእንፋሎት ግን የሰፉ በመሆናቸው ውኃን ከልክሎ እንፋሎትን ያሳልፋል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉት ጃኬቶች ደግሞ በአብዛኛው የሚሠሩት ከፖሊዩሬቴን ሽፋን ነው። ይህኛው ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ የሌለው ሲሆን እርጥበቱን በአንድ በኩል እየሳበ በሌላው በኩል ይለቃል። የሥራው ፍጥነት ከመጀመሪያው ያነሰ ቢሆንም በከተማና በመካከለኛ ርቀት ጉዞ ላይ ያለው ልዩነት የዋጋውን ልዩነት ያህል አይደለም።

የሁለቱም ዓይነት ጨርቆች ጉድለት የሚሟላው በአየር መግቢያ ነው። በደጋው አገር እረኞች ከሣር ጎንጉነው የሚለብሱት ገሳ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ገሳ እንደ ጣሪያ ክዳን ውኃውን ከላይ ወደ ታች እያንሸራተተ ሲያወርድ ከሥሩ ክፍት በመሆኑ አየር እንደልብ ይገባበታል፤ እረኛው ሲሮጥ ውሎ ከገሳው ሥር በላብ አይቀቀልም። በገሳ ብስክሌት መንዳት አይቻልም እንጂ አሠራሩ ትክክል ነው። በጃኬት ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩት በብብት ሥር የሚከፈቱ ዚፖች፣ በጀርባ ላይ በተደራቢ ጨርቅ የተሸፈነ ክፍተት፣ ከላይም ከታችም የሚከፈት የፊት ዚፕ፣ እንዲሁም ሊላላና ሊጠብቅ የሚችል የእጅጌ ጫፍ ናቸው። በብብት ሥር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚከፈት ዚፕ ያለው 5,000 የተጻፈበት ጃኬት ምንም መክፈቻ ከሌለው ባለ 20,000 ጃኬት የተሻለ ደረቅ ሊያደርግ ይችላል። ዋጋው ግን ከእርሱ በእጅጉ ያነሰ ነው። ገዢው አንድ ነገር ብቻ እንዲመርጥ ቢገደድ መምረጥ ያለበት ይህን ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ስፌቱ ነው። መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ ጨርቁ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ስፌቱ ከውስጥ በኩል በማሸጊያ ጥብጣብ ካልተሸፈነ ጃኬቱ ያፈስሳል። ይህን ለማወቅ ጃኬቱን ወደ ውስጥ ገልብጦ ማየት ብቻ ይበቃል። በአንዳንድ ርካሽ ጃኬቶች ላይ ጥብጣቡ የተለጠፈው በትከሻና በቆብ ስፌቶች ላይ ብቻ ነው። ለእግረኛ ይህ ሊበቃ ይችል ይሆናል፤ ብስክሌተኛ ግን ወደ ፊት አጎንብሶ ስለሚቀመጥ ዝናቡ ጀርባውንና የእጅጌውን ስፌት በቀጥታ ያገኘዋል። ከኋላ ጎማ የሚረጨውም ጭቃ ውኃ የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ለብስክሌቱ ደህና ፓራፋንጎ መግጠም ውድ ጃኬት ከመግዛት ባልተናነሰ ይጠቅማል።

የውኃ መቋቋም ቁጥር በአንጻሩ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። 10,000 ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ጨርቅ የ10 ሜትር የውኃ ዓምድ ጫና ይችላል ማለት ነው። ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ ይህን የሚያህል ጫና የለውም። ጫናው የሚበረታው የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ትከሻን በሚጫንበት ቦታ ነው። በመሆኑም ቦርሳ ተሸክሞ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው 10,000 በቂ ሲሆን ከዚያ በላይ ላለው ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል እምብዛም አስፈላጊ አይደለም።

ስለ ልኩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ለእግረኛ የተሰፋ ጃኬት በብስክሌት ላይ ከወገብ ወደ ላይ ይሸሻል፤ እጅጌውም ወደ ክርን ይሰበሰባል። ስለዚህ ገዢው ጃኬቱን ሲለካ ቀጥ ብሎ በመስታወት ፊት ከመቆም ይልቅ መሪ እንደያዘ ሰው እጁን ዘርግቶ ማጎንበስ አለበት። ጀርባው ወገብን አልፎ መቀመጫን የሚሸፍን፣ እጅጌው አንጓን የማይገልጥ ከሆነ ልኩ ነው። በነፋስ የሚርገበገብ ሰፊ ጃኬት ነጂውን ያደክማል፤ ከሥሩ ሹራብ የማያስለብስ ጠባብ ጃኬት ደግሞ ለደጋ አይሆንም። ቆቡ ከሄልሜቱ በላይ የሚጠለቅ ከሆነ አንገት ሲዞር አብሮ መዞሩን፣ ዓይንንም አለመሸፈኑን ማየት ያስፈልጋል። ቀለሙ በጭጋግ ውስጥ ለአሽከርካሪዎች የሚታይ ቢሆን ይመረጣል።

በውጭ ገበያ የዚህ ዓይነት ጃኬቶች ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ጀምሮ እስከ 400 ዶላርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ልዩነቱ የሚመጣው በከፊል ከጨርቁ ድርብርብ ነው። ባለ ሦስት ድርብ የሚባለው ሽፋኑን በሁለት ጨርቆች መካከል የያዘ በመሆኑ ማንገቻና ጭቃ ቶሎ አይበሉትም። ባለ ሁለት ተኩል ድርብ የሚባለው ከውስጥ በኩል ስስ ቅብ ብቻ ያለው በመሆኑ ቀላልና ርካሽ፣ በኪስም የሚታጠፍ ነው፤ ነገር ግን ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለሚነዳ ሰው ሁለተኛው ይበቃዋል። በየዕለቱ ለሚጠቀም ሠራተኛ ግን የመጀመሪያው ዋጋው ከፍ ቢልም በአገልግሎት ዘመኑ ሲካፈል የሚረክሰው እርሱ ነው። ላስቲክ ብቻ የሆነው የዝናብ ልብስ ለቆመ ዘበኛ ጥሩ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን አይመከርም። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ውስጥ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ከአማራጮቹ ውስጥ አልገባም።

ከጃኬቱ ሥር የሚለበሰውም የሒሳቡ አካል ነው። ጥጥ ላብን ጠጥቶ ስለሚይዝ ከተራራ ላይ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ጠላቱ ነው። ሱፍና ፖሊስተር ቢረጥቡም ሙቀት ይዘው የመቆየት ችሎታ አላቸው። የመንዝ ሰው ብርዱን ከበግ ጠጉር በተሠራ በርኖስ የሚከላከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በካፊያ ጊዜ ዳገቱን ጃኬት አውልቆ በቀጭን የሱፍ ሹራብ ብቻ መውጣት፣ አናቱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሳይበርድ በፊት ጃኬቱን ደርቦ መውረድ ከማንኛውም ጨርቅ የበለጠ ያደርቃል።

ከመግዛት በፊት ጨርቁን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። በሙቅ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ አፉ በጨርቁ ተሸፍኖ ሌላ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከላይ ቢደፋበት፣ ጨርቁ የሚተነፍስ ከሆነ ላይኛው ብርጭቆ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በእንፋሎት ይደፈናል። ለውኃ መቋቋሙ ደግሞ ስፌት ያለበትን ክፍል እንደ ከረጢት ይዞ ውኃ በመሙላት ከሥር ደረቅ ወረቀት አስቀምጦ ማሳደር ይበቃል። ሻጩ ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ከሆነ ቢያንስ ጥቂት ውኃ በጨርቁ ላይ ጠብ አድርጎ ውኃው ተንከባሎ መውረዱን ማየት ያስፈልጋል።

ውኃው ተንከባሎ የሚወርደው በላይኛው ጨርቅ ላይ ባለው ውኃ የሚያንሸራትት ቅብ ምክንያት ነው። ይህ ቅብ በአፈርና በላብ ይደክማል፤ በሚገባ ሲታጠብና ሲሞቅ ግን ይመለሳል። ብዙ ሰዎች ጃኬቱን ማጠብ የሚያበላሸው ይመስላቸዋል፤ እውነታው ተቃራኒው ነው። በፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ በብዙ ውኃ መለቅለቅ፣ ከደረቀ በኋላ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ለብ ባለ ካውያ መተኮስ አለበት። በረኪናና ልብስ ማለስለሻ ግን ጨርሶ መነካት የለባቸውም። እርጥብ ሆኖ በሙቅ ስፍራ ተጣጥፎ የከረመ የፖሊዩሬቴን ሽፋን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይላላጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠግነው የለም።

ለቅቡ ሲያገለግሉ የቆዩት ፒፋስ የሚባሉ ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች በአካባቢም ሆነ በሰው አካል ውስጥ ሳይፈራርሱ ስለሚቆዩ እገዳ እየተጣለባቸው ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ከእነዚህ ውስጥ ፒፎስን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ፒፎአን በ2019 በዝርዝሩ ውስጥ አካቷል። ፈረንሳይም ከጥር 2026 ጀምሮ ፒፋስ ያለባቸው ልብሶች እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች፤ ለአንዳንድ የመከላከያ ልብሶች ብቻ ልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል። አዲሶቹ ከፍሎሪን ነጻ የሆኑ ቅቦች ለዝናብ ብቁ ቢሆኑም ቅባትና ዘይት ቶሎ ስለሚያደክማቸው ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋሉ። ያለ ምክንያት በእጅጉ የረከሰ ታዋቂ ጃኬት ሲገኝ የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ አይከፋም።

ለሠራተኞች በብዛት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ፍላጎታቸውን ሲገልጹ ሊጠቀሙበት የሚችሉት መለኪያ አለ። ኢኤን 343 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የዝናብ መከላከያ ልብሶችን በውኃ መቋቋምና በእንፋሎት ማሳለፍ ለየብቻ ይመድባል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተሻሻለው ደረጃ መሠረት እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 የሚደርሱ ምድቦች አሏቸው። በእንፋሎት ማሳለፍ 1ኛ ምድብ ያገኘ ልብስ ከላስቲክ ብዙ የማይሻል ሲሆን በ25 ዲግሪ ሙቀት መካከለኛ ሥራ የሚሠራ ሰው ከ60 ደቂቃ በላይ ባይለብሰው እንደሚመረጥ ደረጃው ያመለክታል። ለብስክሌተኛ 3ኛው ወይም 4ኛው ምድብ ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነጥብ አለ። በደረጃው ውስጥ የውኃ መቋቋም የሚለካው በፓስካል በመሆኑ ለ3ኛ ምድብ የሚጠየቀው 13,000 ፓስካል ሲታይ ከ10,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ይመስላል። በእርግጥ 13,000 ፓስካል ከ1 ነጥብ 3 ሜትር የውኃ ዓምድ ብዙም የማይበልጥ ነው። ይሁንና ልብሱ ይህን ፈተና የሚያልፈው ከታጠበ፣ ከተፋተገና በተደጋጋሚ ከታጠፈ በኋላ ነው። በንግድ መለያ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ የአዲስ ጨርቅ ልኬት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ስህተት ላይ ይጥላል።

በተግባር በሚታየው የግዥ ሒደት ሁለት ነገሮች ጥሩውን ጃኬት ሳይቀር ያበላሻሉ። አንደኛው የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ በደረት ላይ በጥልፍ ማስጠለፍ ነው። የጥልፍ መርፌ በመቶዎች የሚቆጠር ቀዳዳ በሽፋኑ ላይ ስለሚያበጅ ዝናቡ የሚገባው በዓርማው በኩል ይሆናል። ዓርማው በኅትመት እንዲሆን፣ ጥልፍ ግድ ከሆነም ከውስጥ በኩል በማሸጊያ ጥብጣብ እንዲሸፈን በውሉ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን በአዲስ አበባ የዓመቱን ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው የሚዘንበው በዚሁ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በአዲሱ በጀት የተጀመረ ግዥ ጨረታውና ርክክቡ ሲጠናቀቅ ክረምቱ አልፎ መስቀል ይደርሳል፤ ጃኬቱም እስከ ሚቀጥለው ሰኔ መጋዘን ውስጥ ተቆልሎ ይቆያል። ግዥው በጥርና በየካቲት ቢፈጸም፣ ከበልጉ ዝናብ በፊትም ለሠራተኛው ቢታደል፣ ልኩ ያልሆነለት ሰው ለመቀየር፣ ስፌቱ ያልታሸገ ጃኬት ያጋጠመውም ለአቅራቢው ለመመለስ ጊዜ ያገኛል።